ስሙ ሳይታወቅ የሚያጠፋ ቅንቅን

ሰው ከፍ ያለውን ጠላት ለማየት ዐይኑ አይሰንፍም። አንበጣ ፀሓይን ጋርዶ ሲመጣ ዐዋጅ ሳይነገር ሕዝቡ ሁሉ ያውቀዋል፤ በከብት ላይ በሽታ ሲወድቅ እረኛው ለባለቤቱ፥ ባለቤቱም ለአገሩ ሹም ያስታውቃል። ነገር ግን ቁመቱ አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ የሆነ ፍጥረት ከንብ ቀፎ ገብቶ ዘሯን ሲያጠፋ፥ ወይም ከቅጠል ሥር ተሸሽጎ ሰብሉን ሲመጥ፥ ባለቤቱ የሚያየው ጥፋቱን እንጂ አጥፊውን አይደለም። አጥፊውንም ቢያየው፥ ስሙን ካላወቀ ወይም የሌላውን ስም ከሰጠው መድኃኒቱን ሊያገኝ አይችልም። ስለዚህ አዲስ የቅንቅን ዘር አግኝቶ መልኩን መጻፍና ስም ማውጣት ለጥቂት ሊቃውንት መዝናኛ የተተወ ሥራ ሳይሆን የአገርን ማርና የአገርን እህል የሚጠብቅ ሥራ መሆኑን ሹማምንትም ካህናትም ሊያስተውሉት ይገባል።

ቅንቅን ሲባል ብዙ ሰው በዶሮ ላባ ውስጥ የሚርመሰመሰውን ብቻ ያስባል። ወገኑ ግን እጅግ ሰፊ ነው። ከመዥገር ጋራ የቅርብ ዘመድ፥ ከሸረሪትም ጋራ ወገን ስለ ሆነ ከነፍሳት አይቈጠርም፤ ነፍሳት ስድስት እግር ሲኖራቸው ያደገ ቅንቅን አብዛኛውን ጊዜ ስምንት እግር አለው። አንዱ በሰው ቆዳ ውስጥ ገብቶ እከክን ያመጣል፤ አንዱ በዱቄትና በእህል ውስጥ ይኖራል፤ ቀይ ሸረሪት የሚባለው የቲማቲምንና የባቄላን ቅጠል ያደርቃል። ሌላው ደግሞ ማንንም ሳይጐዳ በደን አፈር ውስጥ የወደቀውን ቅጠል እየፈጨ ለተክል ምግብ እንዲሆን ያዘጋጃል፤ ሌላውም ክፉውን ቅንቅን እያደነ ይበላል። እስከ ዛሬ ስም ወጥቶላቸው በመጽሐፍ የገቡት 55 ሺሕ ያህል ናቸው፤ ገና ያልተጻፉት ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጡ፥ ጠቅላላ ቍጥራቸውም እስከ አንድ ሚሊዮን ሊደርስ እንደሚችል ሊቃውንቱ ይገምታሉ። እንግዲህ ወዳጅና ጠላት በአንድ መልክ ተቀላቅለው በሚኖሩበት ወገን ውስጥ ስም ማለት መለያ ማለት ነው።

ስምን መሳሳት ምን ያህል እንደሚጐዳ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የንብ ቅንቅን ታሪክ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1904 የሆላንዱ ሊቅ ኡድማንስ ከጃቫ ደሴት የመጣለትን፥ በእስያ ንብ ላይ የተገኘውን አንድ ቅንቅን መርምሮ ጻፈ። ለወገኑ ቫሮዋ የሚል ስም ያወጣለት ስለ ንብ እርባታ የጻፈውን የጥንቱን ሮማዊ ሊቅ ቫሮን በማሰብ ነው፤ ለዘሩም ቅንቅኑን ያገኘውን የያኮብሰንን ስም ጨመረበት። የእስያ ንብና ይህ ቅንቅን ከረጅም ዘመን ጀምሮ አብረው ስለ ኖሩ ንቧ ጠላቷን መቋቋም ታውቃለች። ኋላ ግን ያውሮፓ ንብ ወደ እስያ በተወሰደች ጊዜ ቅንቅን ተሻገረባት፤ በ20ኛው መቶ ዓመትም ውስጥ ከአገር ወደ አገር እየተዛመተ በአውሮፓና በአሜሪካ እጅግ ብዙ ቀፎ ባዶ አደረገ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አጥፊው ኡድማንስ የጻፈው ያው የጃቫው ቅንቅን ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በአውስትራልያ የሚሠሩት ሊቃውንት ዴኒስ አንደርሰንና ጆን ትሩማን ግን ከዚህ እምነት ጋራ የማይስማማ ነገር አገኙ፤ በጃቫ ያለው ቅንቅን ወደ አውሮፓ ንብ ቀፎ ቢገባም በዚያ እንደማይራባ ታወቀ። ከብዙ አገር የተሰበሰበውን ቅንቅን የአካሉን ልክና የዘሩን ምልክት ሲመረምሩ፥ ዓለምን ያስጨነቀው ሌላ ዘር ሆኖ ተገኘ። የአጥፊው ሴት በወርድ 1.7 ሚሊሜትር ያህል ስትሆን የጃቫው 1.5 ያህል ናት፤ ለዐይን ከምንም የማይቈጠረው ይህ ልዩነት ከዘሩ ምልክት ጋራ ሲደመር የሁለት ዘር ድንበር ሆነ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2000 አዲሱን ዘር ጽፈው ቫሮዋ ዴስትራክተር ብለው ሰየሙት፤ የኋለኛው ቃል ትርጓሜ አጥፊ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ 96 ዓመት አለፈ።

ከዚህ የተነሣ በመካከሉ የተጻፈው ብዙ ምርመራ ስለ የትኛው ዘር እንደ ተናገረ እንደ ገና መለየት ግድ ሆነ። ስሙ ከታረመ በኋላም ዕውቀቱ አልተፈጸመም፤ የንብን ደም ይመጣል ሲባል የኖረው ቅንቅን በዋናው የሚበላው የንቧን የስብ አካል መሆኑ በ2019 ተገለጠ። ይህ የስብ አካል ንቧ በሽታን የምትከላከልበት፥ መርዝንም የምታጣራበት ብልት ነው። ስለዚህ ቅንቅኑ ትንሽ ሆኖ ሳለ ቀፎውን ሁሉ የሚያደክምበት ምክንያት ይበልጥ ተስተዋለ። ትክክለኛ ስም የዕውቀት በር እንጂ የዕውቀት ፍጻሜ አይደለም።

ይህን የመሰለ ነገር በአፍሪቃ ምድር በካሳቫ ተክል ላይም ደርሷል። በ1970ዎቹ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ተባይ ከደቡብ አሜሪካ ተሻግሮ የሚሊዮን ሰዎችን ምግብ አጠፋ። ተባዩ በ1977 ተጽፎ ስም ከወጣለት በኋላ ሊቃውንቱ በትውልድ አገሩ የሚያጠፋውን ጠላቱን ፍለጋ ሄዱ፤ በመጀመሪያም በደቡብ አሜሪካ ሰሜን ክፍል የሚመስለውን ተባይ አግኝተው ደስ አላቸው። ነገር ግን ያ ተባይ ሌላ ዘር ሆኖ ስለ ተገኘ ከእርሱ ላይ የተወሰዱት ትንንሽ ተርቦች የአፍሪቃውን አልነኩትም። እውነተኛው በ1981 በፓራጓይ ተገኘ፤ ከዚያ የመጣችውም ተርብ በአፍሪቃ ተለቃ በብዙ አገር ተባዩን አሸነፈችው። ሥራውን የመራው ሃንስ ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጠው። ሽልማቱ ለተርቧ ሥራ ቢሆንም፥ ያ ሥራ ሊሠራ የቻለው ሁለት የሚመሳሰሉ ተባዮችን በትዕግሥት ለይተው በጻፉ ሰዎች ድካም ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ እንዳይታይ ወደ አገር ውስጥ መመለስ ያሻል። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪቃ አገሮች ቀዳሚ ናት፤ ሰሙ ወደ ውጭ ይላካል፤ በቤተ ክርስቲያን የሚበራው ጧፍም ከዚሁ ሰም ይሠራል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከዚህ ሀብት ድርሻ ያለው አገር ነው። ለምሳሌ ያህል በአሶሳ በኩል፥ ወደ ሱዳን ድንበር በሚያመራው አገር ያለችው ጾሬ ብትጠቀስ፥ ነገሩ ግልጥ ይሆናል። አገሩ የበርታ ሕዝብ አገር ነው፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2015 ጀምሮም ከሱዳን የተሰደዱ ሰዎች የሚጠለሉበት ሰፈር በዚያ አለ። የቆላው ቀርከሃ፥ ማለት ሽመል፥ በዚህ ክልል በብዛት ይበቅላል፤ ገበሬው ሽመሉን ፈልጦና ጠምዞ ቀፎ ይሠራል፤ ቀፎውንም ከዛፍ ላይ ሰቅሎ ንብ እስክትገባለት ይጠብቃል። ማሽላው ቢጐድል፥ የማንጎውም ዋጋ ቢወርድ፥ ማሩ ልብስና ጨው የሚገዛበት ገንዘብ ነው።

የንብ አጥፊው ቅንቅን በ2009 በኬንያና በታንዛንያ መገኘቱ ታወቀ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታትም በሰሜን ኢትዮጵያ ቀፎዎች ውስጥ መታየቱን የአገሩ የንብ ተመራማሪዎች አስታወቁ። ቅንቅን የክልልን ወሰን አያውቅም፤ ንብ በነጐደች ጊዜ ከንቧ ጋራ ይሄዳል፤ ቀፎ በመኪና ሲጫን አብሮ ይጫናል። ስለዚህ ንቧን ከነቀፎዋ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ማዛወር፥ ለልማት በቀና ልብ ቢደረግም፥ አስቀድሞ ሳይመረመር ከሆነ ጠላትን በእጅ ይዞ ማስገባት ይሆናል።

በዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። የአፍሪቃ ንቦች ካውሮፓ ንቦች ይልቅ ይህን ቅንቅን እንደሚቋቋሙት በብዙ አገር ታይቷል፤ በደቡብ አፍሪቃ ቅንቅኑ በ1997 ከተገኘ በኋላ ንቦቹ በጊዜ ብዛት ችለውት ኖረዋል። ስለዚህ የቅንቅኑ ስም በተሰማ ጊዜ ደንግጦ ካውሮፓ መድኃኒት ማስመጣትና በየቀፎው መጨመር ትልቅ ስሕተት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ በሰም ውስጥ ይቀራል፤ የአገሩን ማር ንጹሕነት ያጐድላል፤ ቅንቅኑም መድኃኒቱን ይለምደዋል። ይህ መልመድ ባውሮፓና በአሜሪካ በ1990ዎቹ ተፈትኖ የታወቀ ነገር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የአገሩ ንብ ትችለዋለች ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም አይገባም። ከሁለቱ ስሕተት የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በየቀፎው ያለው ቅንቅን የትኛው ዘር እንደ ሆነና ቍጥሩ ስንት እንደ ሆነ ማወቅ ነው። ቍጥሩን ለማወቅ ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ ሦስት መቶ ያህል ንቦች በወንፊት ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አድርጎ በላመ ስኳር ቢነሰነስባቸውና ቀስ ብሎ ቢነቀነቅ ቅንቅኑ ከንቦቹ እየለቀቀ ይወርዳል፤ ንቦቹም በሕይወት ወደ ቀፏቸው ይመለሳሉ። ዘሩን መለየት ግን የሠለጠነ ዐይንና አጕሊ መነጽር ይጠይቃል።

የታወቀ ስም ምን እንደሚጠቅም በማንጎ ላይም ታይቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 በምሥራቅ ወለጋ፥ ሎኮ በተባለው ስፍራ፥ የማንጎን ቅጠልና ፍሬ ነጭ አድርጎ የሚሸፍን ተባይ ተገኘ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ማንጎ አብቃይ አገሮች ተዛመተ። ይህ ተባይ ከቅንቅን ወገን ሳይሆን ከነፍሳት ነው፤ ስሙ ግን በ1906 ተጽፎ ስለ ነበር የኢትዮጵያ ሊቃውንት እንደ ለዩት ወዲያው ሌሎች አገሮች መቶ ዓመት ያህል ስለ እርሱ ያከማቹት ዕውቀት ተከፈተላቸው። ስሙ ያልታወቀ ተባይ ቢሆን ኖሮ ሥራው ሁሉ ከባዶ ይጀመር ነበር። ሰው በቤተ መጻሕፍት ገብቶ የመጽሐፉን ስም ካላወቀ መደርደሪያውን ሁሉ እንደሚበረብር እንዲሁ ነው።

አዲስ ዘር የሚጻፍበት ሥርዓት ምን እንደሚመስል ለብዙ ሰው አልተገለጠም። በጾሬ ካለ ደን የወደቀ ቅጠልና የላይ አፈር ተወሰደ እንበል። አፈሩ ከላይ ሰፊ፥ ከታች ጠባብ በሆነ ማጥለያ ላይ በወንፊት ተደርጎ ከበላዩ መብራት ይበራበታል፤ አፈሩ እየሞቀና እየደረቀ ሲሄድ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ፍጥረታት እርጥበትና ጨለማ ፍለጋ ወደ ታች እየሸሹ ከሥሩ ባለው የአልኮል ብልቃጥ ይወድቃሉ። ይህን ዘዴ በ1905 የጀመረው ጣልያናዊው ቤርሌዜ ሲሆን ስዊድናዊው ቱልግሬን በመብራት አሻሻለው። ከዚያ ቅንቅኑ ይለያል፤ ሰውነቱ ብርሃን እንዲያሳልፍ በአሲድ ይጠራል፤ በመስተዋት ላይ ተጣብቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የጀርባው ጠጕር ስንት እንደ ሆነ፥ የእግሩ ጥፍር እንዴት እንዳለ፥ የአፉ ቅርጽ ምን እንደሚመስል ይቈጠራል፤ ይለካል፤ በእጅ ይሣላል። አንድ ጠጕር መጨመሩ ወይም መጕደሉ ለሊቁ ትልቅ ምስክር ነው።

ይህ ከሆነ በኋላ ከባዱ ሥራ ይመጣል። እስከ ዛሬ ከተጻፉት ዘመዶቹ ሁሉ ጋራ ማስተያየት ያስፈልጋል፤ አለዚያ በሌላ አገር የታወቀውን አዲስ ነው ብሎ ሁለተኛ ስም ማውጣት ይመጣል። የእንስሳት ስም ሕግ ሊኔዎስ በ1758 ካሳተመው መጽሐፍ ይጀምራል፤ ለአንድ ዘር ሁለት ስም ቢወጣለት በመሠረቱ የሚጸናው አስቀድሞ የታተመው ነው። ስሙ በላቲን ፊደል መጻፉ ግድ ሲሆን መግለጫው በዚህ ቋንቋ ብቻ ይጻፍ የሚል ትእዛዝ ግን የለም። ለስሙም ምስክር የሚሆን አንድ ናሙና ተመርጦ በታወቀ ቤተ መዘክር ይቀመጣል፤ ወደ ፊት ክርክር ቢነሣ ዳኛው ያ ናሙና ነው። ስሙ ከአገሩ ሊወሰድ ይችላል፤ ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር በ19ኛው መቶ ዓመት ሽመልን በጻፈ ጊዜ የአቢሲኒያን ስም እንደ ሰጠው፥ እንዲሁ የጾሬ ስም በአንድ ቅንቅን ስም ውስጥ ለዘላለም ሊቀመጥ ይችላል።

በኢትዮጵያ አፈር ላይ ይህን ሥራ የሠሩ ሰዎች አልጠፉም። የኢትዮጵያና የሩሲያ የጋራ የሥነ ሕይወት ጉዞ ከሰበሰበው የደን አፈር ውስጥ እነ ሰርጌይ ኤርሚሎፍና ሌዎኒድ ሪባሎፍ በ2010ዎቹ ዓመታት ብዙ አዳዲስ የአፈር ቅንቅኖችን ጽፈዋል። ድካማቸው ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሥራ በውጭ ሊቃውንት እጅ ብቻ ሲሆን የምስክሩ ናሙና በሩቅ ከተማ ይቀመጣል፤ ኢትዮጵያዊው ተማሪ የገዛ አገሩን ቅንቅን ለማየት ባሕር መሻገር ግድ ይሆንበታል። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 482 የአገሩን ሕያው ሀብት ያለ ፈቃድ መውሰድን ከልክሎ ከጥቅሙም ሕዝቡ እንዲካፈል አዝዟል። ዐዋጁ የተጻፈው ለበጎ ነው። ቢሆንም ጠባቂ ብቻ አቁሞ መርማሪ ያላሠለጠነ አገር በሩን ዘግቶ በጨለማ እንደ ተቀመጠ ባለቤት ይሆናል፤ ሌባ አይገባበትም፤ እርሱም በቤቱ ያለውን አያውቅም።

ምናልባት አንድ ሹም እንዲህ ሊል ይችላል፤ «ገበሬው መንገድና ሐኪም ቤት ሲፈልግ፥ ተሰዳጁም እንጀራ ሲፈልግ፥ የቅንቅንን ጠጕር ለሚቈጥር ሰው ደመወዝ መክፈል እንዴት ይገባል?» ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። የተራበ ሰው ይቅደም ማለት እውነት ነው። ነገር ግን የካሳቫው ታሪክ እንዳሳየው የተራበው ሰው የዳነው በዚሁ ጠጕር በሚቈጥረው ሰው ነው። ደግሞም የዚህ ሥራ ወጪ ከሌላው ሥራ ጋራ ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው፤ አንድ ማይክሮስኮፕ፥ አንድ ቁም ሣጥን፥ ጥቂት አልኮልና በትዕግሥት የሠለጠኑ ሁለት ሦስት ወጣቶች ሥራውን ሊጀምሩት ይችላሉ። የማይታወቅ ጠላት ከገባ በኋላ የሚወጣው ገንዘብ ግን ልክ የለውም።

ጊዜውም አይጠብቅም። በዚሁ ክልል በጉባ የተሠራው ታላቅ ግድብ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ፥ በጳጕሜን፥ ተመርቋል፤ ሰፊ ቆላም በውሃ ተሸፍኗል፤ የእርሻና የወርቅ ማውጣት ሥራም ምድሩን ይለውጣል። እነዚህ ሥራዎች ለአገር የሚያስፈልጉ ናቸው። ሆኖም ደን በተመነጠረ ቍጥር በአፈሩ ውስጥ ያለው፥ ምናልባትም ክፉውን ቅንቅን የሚበላው ወዳጅ ቅንቅን፥ ስሙ ሳይወጣ አብሮ ይጠፋል። የጠፋውን ደግሞ ማንም አያለቅስለትም፤ መኖሩ አልታወቀምና።

እንግዲህ የሚደረገው ምንድን ነው ቢባል፥ ነገሩ በአራት ይከፈላል። 1ኛ፤ የአሶሳ ዩኒቨርሲቲና የአሶሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በአገራቸው ያለውን ቅንቅን የሚሰበስብና የሚለይ ክፍል ቢያቋቁሙ፥ ናሙናውንም በሥርዓት ቢያስቀምጡ፥ ከዓመት ዓመት የሚበዛ የአገር ቅርስ ይሆናል። 2ኛ፤ የኢትዮጵያ የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ለውጭ ሊቃውንት ፈቃድ በሰጠ ጊዜ ከናሙናው አንዱ ክፍል በአገር እንዲቀር፥ ኢትዮጵያዊ ተማሪም አብሮ እንዲሠለጥን አጥብቆ ቢጠይቅ፥ ዐዋጁ በወረቀት የሚነበብ ብቻ አይሆንም። 3ኛ፤ የግብርና ሹማምንት ንብ ከነቀፎዋ ከአንድ አገር ወደ ሌላው ከመዛወሯ በፊት በስኳሩ ዘዴ እንድትመረመር ቢያደርጉ፥ የማይታየውን ጠላት ቢያንስ ቢያንስ ከበር ላይ ያዩታል። 4ኛ፤ ገበሬው ቀፎው ሲዳከም፥ ክንፏ የተጨማደደ ንብም በቀፎው አጠገብ ስትሳብ ሲያይ፥ ሳያፍርና ሳይፈራ እንዲያመለክት ማስተማር ይገባል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና።

በዚህ በአራተኛው ነገር የሃይማኖት አባቶች ኀይል ከሹማምንት ኀይል አያንስም። በጾሬና በአካባቢው ሸኹ በመስጊድ፥ በሌላውም አገር ካህኑ በደጀ ሰላም የተናገሩት ቃል ከግብርና ሠራተኛ ወረቀት ይልቅ በልብ ይጻፋል። ካህናት ደግሞ ሌላ ድርሻ አላቸው። በዙሪያው ያለው አገር በተመነጠረበት ጊዜ በየደብሩ ቅጥር የቀረው ደን በአፈሩ ውስጥ የጥንቱን ጥቃቅን ፍጥረት እንደ ጠበቀ ነው፤ ከዚያ አንድ ቁና አፈር ለመውሰድ የመጣውን ተማሪ ማስገባት ለዕውቀት በር መክፈት ይሆናል። መጻሕፍትን ለሚያውቁ ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ አዳም ለእንስሳት ስም እንዳወጣ በኦሪት ተጽፏል። ያ ሥራ ገና አልተፈጸመም። ከሽመሉ ቀፎ ውስጥ ያለው ቅንቅን፥ ከጾሬም ቅጠል ሥር ያለው፥ ወዳጅም ይሁን ጠላት ስሙን የሚጠራው ሰው እየጠበቀ ነው። አስቀድሞ የጠራው አገር ማሩንም ጧፉንም ይጠብቃል፤ የዘገየው ግን የጥፋቱን ስም ከሌላ ሰው መጽሐፍ ያነባል።